ዋጋውን የከፈለው ማን ነው? ሳንሱር፣ ሽሽግ ገጸ ባሕርያት እና የእኛ አነባበብ

ሳንሱር ባለበት አገር ጥበብ ሁለት ዓይነት ታዳሚ ታፈራለች፤ የተነገረውን የሚሰማና ያልተነገረውን የሚያደምጥ። በቅኔ አገር ያደገ ሰው ይህን ለማወቅ የፊልም ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኘው አዲስ ቅዳም የዋሸራ፣ የዲማና የጎንጅ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ዝና ዘልቆ በሚሰማበት ምድር ላይ ያለች ከተማ ናት። አገውኛም አማርኛም የሚናገረው የአካባቢው ሰው ንግግር በላዩ ብቻ እንደማይወሰድ፣ ከሰሙ (ከላዩ ትርጉም) ሥር ወርቅ (የተሸሸገ ትርጉም) እንዳለ ከልጅነቱ ያውቃል። በለቅሶ ቤት ሙሾ የምታወርደው አልቃሽ፣ በሠርግ የሚያዜመው አዝማሪ፣ በሸንጎ የሚሟገተው ነገር አዋቂ የሚመሰገኑት ወርቁን በሰም ሸፍነው በመናገር ችሎታቸው ነው።

ይህ ልማድ ግን አንድ እምነት አሳድሮብናል፤ የተሸሸገ ነገር ሁሉ እውነት ነው፣ የሸሸገውም ሁሉ ደፋር ነው የሚል። በዚህ ዳሰሳ የምከራከረው እምነቱ ሁልጊዜ እንደማያዋጣ ለማሳየት ነው። ማሳያዬ ከ1930ዎቹ እስከ 1960ዎቹ የተሠሩ የሆሊውድ ፊልሞች ናቸው። በእነዚህ ፊልሞች የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ያላቸው ገጸ ባሕርያት ማንነታቸው በስሙ ሳይጠራ በአለባበስ፣ በድምፅ፣ በሽቶ፣ በአተያይ ብቻ እንዲታወቁ ይደረግ ነበር። ስልቱን እዚህ ላይ “ምልክታዊ አሳሳል” እለዋለሁ። ከዚያም ሥራዎቹን ሳንሱር ከነበረባቸው የአማርኛ ልቦለዶች ጋር አነጻጽራለሁ። የማነሳቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ ምልክቱ የሚጠቁመው ወደ ማን ነው? ዋጋውንስ የከፈለው ማን ነው? (የውጭ ሥራዎችና ክንውኖች ዘመን በእ.ኤ.አ.፣ የአገራችን ደግሞ በዓ.ም. ተጠቅሷል።)

ደንቡና ማኅተሙ

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1915 በሰጠው ውሳኔ ፊልም ተራ ንግድ እንጂ ሐሳብን በነጻ የመግለጽ መብት የሚጠብቀው ነገር አይደለም ብሎ ነበር። ውሳኔው ለየክልሉና ለየከተማው የሳንሱር ቦርድ በር ከፈተ። የፊልም ኩባንያዎቹ የመንግሥት እጅ ሳይጫናቸው ራሳቸው ራሳቸውን መቆጣጠርን መረጡ፤ በ1930ም የምርት ደንብ አጸደቁ። ያረቀቁት ማርቲን ክዊግሊ የተባለ ካቶሊካዊ አሳታሚና ዳንኤል ሎርድ የተባሉ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ናቸው። የኩባንያዎቹን ማኅበር የሚመራው ዊል ሄይስ ስለነበረ ደንቡ በእሱ ስም ይታወቃል።

የመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት የላሉ ነበሩ። ማርሊን ዲትሪች በ1930ው “ሞሮኮ” የወንድ ሙሉ ልብስና ረጅም ባርኔጣ አድርጋ ዘፍና ስታበቃ ከታዳሚዎቹ መካከል የተቀመጠችን ሴት ከንፈሯን ትስማለች። በ1933 ግሬታ ጋርቦ የስዊድን ንግሥት ሆና በተወነችበት ፊልምም ንግሥቲቱ የደንገጡሯን ከንፈር ትስማለች። በ1934 የካቶሊክ ምእመናን “የጨዋነት ሌጌዎን” በሚል ስም ተደራጅተው ከሲኒማ እንቀራለን ሲሉ ገበያው ተናጋ። በዚያው ዓመት ጆሴፍ ብሪን የደንቡ አስፈጻሚ ቢሮ ኃላፊ ሆነ፤ የቢሮው ማኅተም የሌለበትን ፊልም ያወጣ ኩባንያም 25,000 ዶላር እንዲቀጣ ተደነገገ። ብሪን እስከ 1954 ድረስ የጽሑፍ ረቂቅ እየመረመረ፣ ደብዳቤ እየጻፈ፣ ትዕይንት እያስቆረጠ ቆየ።

ደንቡ “የፆታ ጠማማነት” ብሎ የጠራውን ነገር ማሳየትን ብቻ ሳይሆን ፍንጩን ጭምር ከልክሏል። ከዚህ ክልከላ ጎን ሌላ ደንብ ነበረ፤ ጥፋት ሳይቀጣ እንዳያልፍ፣ የተመልካች ልብም ለጥፋተኛው እንዳይራራ የሚያዝዝ። ሁለቱ ተለያይተው ሲነበቡ ብዙም አያስደንቁም። ተጣምረው ሲሠሩ ግን የአንድን ወገን ዕጣ ጻፉ። አንደኛው ስሙን ነጠቀው፣ ሁለተኛው ፍጻሜውን ወሰነለት። ምልክቱን ይዞ እስክሪን ላይ የወጣ ሰው የሚቻለው መሳቂያ መሆን ወይም መቀጣት ሆነ። ስለዚህ ምልክታዊ አሳሳልን ጥበበኞች ሳንሱርን ያታለሉበት ብልሃት አድርጎ ብቻ ማየት ከታሪኩ ግማሹን መተው ነው። ፍንጩን ያሳለፈውም፣ ፍንጩን የያዘው ሰው እንዲሞት ያስገደደውም ያው ቢሮ ነበር።

ሽቶ፣ ፀጉር ልብስ፣ ሣጥን

ዳሺል ሃሜት በ1930 ያሳተመው “ዘ ማልቲስ ፋልከን” ልቦለድ ጆኤል ካይሮ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ማንነት ከአንባቢ አይደብቅም። ጆን ሂውስተን በ1941 ልቦለዱን ወደ ፊልም ሲያመጣ የብሪን ቢሮ የካይሮ አሳሳል ላይ ተቃውሞ አነሳ፤ የልቦለዱ ግልጽ ቃልም እስክሪን ላይ አልደረሰም። በቦታው ሽቶ ገባ። ጸሐፊዋ የእንግዳውን የስም ካርድ ለመርማሪው ስታቀብለው የጋርዴኒያ አበባ ይሸታል፤ ሙዚቃው ይለሰልሳል፤ ካይሮን የሚጫወተው ፒተር ሎሬ በሩን ከፍቶ ከመግባቱ በፊት ተመልካቹ ማን እንደሚገባ ያውቃል። ጓንቱ፣ የተስተካከለው ፀጉሩ፣ ወደ ከንፈሩ የሚያስጠጋው የከዘራው እጀታ የቀረውን ይናገራሉ።

የአሳሳሉ ጥበብ አይካድም። በአንዲት ካርድና በጥቂት የሙዚቃ ኖታ አንድ ሙሉ ሰው ማቆም ትልቅ ችሎታ ነው። ነገር ግን ይህ ሰው ለምን እንደቆመ እንመልከት። ሃምፍሪ ቦጋርት የሚጫወተው መርማሪ ካይሮን በጥፊ ይመታዋል፤ ትዕይንቱ የተቀረጸውም ተመልካች ከመቺው ጋር ሆኖ እንዲደሰት ነው። ሽቶው የተረጨው ጥፊው እንዲያምር ነው ማለት ይቻላል። የካይሮ ድክመት የመርማሪውን ወንድነት ማጉያ ሆኖ አገልግሏል።

በ1940 በወጣው የአልፍሬድ ሂችኮክ “ሬቤካ” ውስጥ ደግሞ የቤት አስተዳዳሪዋ ወይዘሮ ዳንቨርስ አለች። ፊልሙ የዳፍኒ ዱ ሞሪየን የ1938 ልቦለድ መሠረት ያደረገ ነው። ዳንቨርስ ከሞተችው እመቤቷ ከሬቤካ ፍቅር ልትላቀቅ አልቻለችም፤ መኝታ ክፍሏን እንደነበረ ጠብቃ አቆይታዋለች። አዲሲቱ ሙሽራ ወደ ክፍሉ በገባች ጊዜ ዳንቨርስ የሬቤካን ፀጉር ልብስ ከቁም ሣጥን አውጥታ የራሷን ጉንጭ ታስነካዋለች፤ የሙሽራዋንም ጉንጭ ታስነካበታለች። ስስ የሌሊት ልብሷን ዘርግታ እጇን ከውስጥ ሰድዳ እንዴት እንደሚያሳይ ታሳያታለች። የብሪን ቢሮ በዳንቨርስና በሬቤካ መካከል ስለሚነበበው ነገር ፕሮዲዩሰሩን ዴቪድ ሴልዝኒክን በደብዳቤ አስጠንቅቆ ነበር። ትዕይንቱ ሳይቆረጥ ቢያልፍም ካሜራው የዳንቨርስን ፍቅር ሰብአዊ አላደረገውም። ሂችኮክ ተዋናይቷን ጁዲት አንደርሰንን ስትራመድ እምብዛም አያሳያትም፤ ሙሽራዋ ዞር ስትል ሁልጊዜ ቆማ ትገኛለች። በዚያ ቤት ውስጥ ቅንነቱ ያልተጠረጠረ ፍቅር የእሷ ብቻ ሆኖ ሳለ መንፈስ ሆና ተቀረጸች።

የደንቡ ፍርድ ቁልጭ ብሎ የሚታየው በፊልሙ መጨረሻ ነው። በልቦለዱ ባልየው ማክሲም ሬቤካን በሽጉጥ ገድሏታል፤ ሳይቀጣም ይኖራል። ደንቡ ያልተቀጣ ነፍሰ ገዳይ ስለማይፈቅድ ፊልሙ ግድያውን ወደ አደጋ ቀየረው፤ ሬቤካ ተደናቅፋ ወድቃ ሞተች ተባለ። ማክሲም በአንድ የብዕር ጭረት ነጻ ወጣ። ዳንቨርስ ግን በልቦለዱ ከቤቱ እንደወጣች ድምጿ ሲጠፋ፣ ፊልሙ በነደደው ቤት ውስጥ ጣሪያ አፍርሶባት በእሳት ገደላት። የገደለው ሰው ኃጢአት ታጠበለት፤ ያፈቀረችው ሴት ተቃጠለች። ደንቡ የማንን ጥፋት ይቅር ለማለት ዝግጁ እንደነበረ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ሦስተኛው የሂችኮክ “ሮፕ” ነው፤ በ1948 የወጣ፣ ገመድ ማለት ነው። ፓትሪክ ሃሚልተን በ1929 የጻፈው ተውኔት በ1924 በቺካጎ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድን ልጅ ከገደሉበት ወንጀል ጋር ሲያያዝ ኖሯል። በፊልሙ አብረው የሚኖሩ ሁለት ወጣቶች ጓደኛቸውን በገመድ አንቀው ሣጥን ውስጥ ይከቱትና በዚያው ሣጥን ላይ ምግብ ደርድረው የሟቹን ቤተሰብ ይጋብዛሉ። ሂችኮክ ፊልሙን ያነሳው እስከ አሥር ደቂቃ በሚደርሱ ያልተቆራረጡ ቀረጻዎች ነው፤ ሁሉም ነገር ፊት ለፊታችን ይመስላል፣ የሚታየው ሣጥን ግን ተዘግቷል። የፊልሙን ጽሑፍ የጻፈው አርተር ሎሬንትስ በኋላ እንደተናገረው የሁለቱን ወጣቶች ግንኙነት በሥራው ላይ በስሙ የጠራው ሰው አልነበረም። በዚያን ጊዜ ሎሬንትስና ከሁለቱ ተዋናዮች አንዱ የሆነው ፋርሊ ግሬንጀር እርስ በርስ ይፋቀሩ ነበር። ከካሜራው ጀርባ ሕይወት የነበረው ነገር ከካሜራው ፊት ሲደርስ የግድያ ምክንያት ሆነ።

ተመልካች በዚህ ፊልም ሁለት ምስጢሮችን እኩል ይጠብቃል፤ የሬሳውንና የፍቅሩን። ሁለቱም በስም አይጠሩም፣ ሁለቱም እንዳይገለጡ ይፈራል። ሣጥኑ ሲከፈት አንዱ ምስጢር ለሌላው ማስረጃ ይመስላል። ሕግ በቃሉ ያላለውን ይህ የምስል አቀማመጥ ተናገረው፤ ፍቅራቸው ወደ ግድያ ያደርሳል የሚል ክስ ማንም ሳይናገረው በተመልካች አእምሮ ውስጥ ተተከለ።

የተለወጡና የተፈቀዱ

ከመሸሸግ የባሰ ነበረ፤ ፈጽሞ መለወጥ። የሊሊያን ሄልማን “ዘ ቺልድረንስ አወር” ተውኔት በ1934 በኒው ዮርክ መድረክ ላይ ሲወጣ ታሪኩ አንዲት ተማሪ በሁለት ሴት መምህራን ላይ የምታስወራው ወሬ ነበር። ዊልያም ዋይለር በ1936 ለሳሙኤል ጎልድዊን ፊልም ሲያደርገው ርዕሱ “ዚዝ ስሪ” ተባለ፤ ወሬውም አንደኛዋ መምህርት የሌላዋን እጮኛ ወደደች በሚል ተተካ። በ1945 የታተመው የሪቻርድ ብሩክስ ልቦለድ “ዘ ብሪክ ፎክስሆል” የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ስላለው በወታደር እጅ ስለተገደለ ሰው ይተርካል። በ1947 “ክሮስፋየር” ሆኖ ለሲኒማ ሲቀርብ ሟቹ አይሁዳዊ ሆነ። ፊልሙ ፀረ አይሁድ ጥላቻን በድፍረት በማውገዙ ተመስግኖ ለምርጥ ፊልም ኦስካር ታጨ፤ ምስጋናውም የሚገባው ነው። ይሁን እንጂ በመጽሐፉ የተገደለው ሰው በፊልሙ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰወረ፤ የሚያለቅስለት እንኳ እንዳይኖር።

ጊዜ ደንቡን አላላው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1952 ፊልም የነጻ ሐሳብ ጥበቃ እንዳለው ወሰነ። በጥቅምት 1961 ደንቡ ተሻሽሎ ጉዳዩን በጥንቃቄ ማቅረብ ተፈቀደ፤ በ1968ም ደንቡ ቀርቶ በዕድሜ መመደብ ተተካ። ዋይለር ራሱ በ1961 የሄልማንን ተውኔት በእውነተኛ ታሪኩና ርዕሱ እንደገና ሠራው፤ ኦድሪ ሄፕበርንና ሸርሊ ማክሌን ተወኑበት። አሁን ቃሉ ተነገረ። የማክሌን ገጸ ባሕርይ ማርታ ጓደኛዋን እንደምታፈቅር በእንባ ተናዘዘች፤ ብዙም ሳይቆይ ራሷን ሰቀለች። ክልከላው ተነሳ፤ ቅጣቱ ግን እንዳለ ቆየ። ይህ የሚያሳየው የምልክታዊ አሳሳል ልማድ በደራሲና በተመልካች ልብ ውስጥ ከደንቡ ይልቅ ሥር መስደዱን ነው። ተቺው ቪቶ ሩሶ በ1981 ባሳተመው “ዘ ሴሉሎይድ ክሎዜት” መጨረሻ ላይ የእነዚህን ገጸ ባሕርያት አሟሟት በዝርዝር አስፍሯል፤ በነፍስ ግድያ፣ ራስን በማጥፋት፣ በእሳት። ያን ዝርዝር ያነበበ ሰው የአንድ ፊልም ፍጻሜ የደራሲው ምርጫ ብቻ ነበር ብሎ መከራከር አይቻለውም።

ወደ ላይ የሚጠቁም ምልክት

አሁን ወደ አገራችን ሥራዎች እንመለስ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት “ፍቅር እስከ መቃብር” በጎጃም ምድር ላይ የቆመ ልቦለድ ነው። ካሳ ዳምጤ በዚያ ውስጥ የባላባቱን ሥርዓት ይተቻል፤ የሰው ልጅን እኩልነት ይናገራል። በሥርዓቱ ውስጥ ይህን የሚናገር ጤነኛ ሰው ሊኖር ስለማይችል ኅብረተሰቡ አበደ ብሎ ጉዱ ካሳ አለው። እብደቱ ሽፋን ነው፤ ደራሲው እውነትን ያስቀመጡት በእብድ አፍ ነው። ነገር ግን ጉዱ ካሳ ንግግር አለው። ይከራከራል፣ ያስረዳል፣ ይረታል። በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የላቀው አእምሮ የእሱ እንደሆነ አንባቢ ያውቃል፤ የሚወደውም ለዚህ ነው።

የዳንግላ ጎረቤት በሆነው በአቸፈር ምድር የተወለደው አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. “አልወለድም”ን አሳተመ። በእናቱ ማኅፀን ያለ ፅንስ በግፍ አገር አልወለድም ብሎ የሚሟገትበት ልቦለድ ነው። ያልተወለደን ልጅ ማን ይከሰዋል? ሽፋኑ ይህን ያህል ብልህ ነበረ፤ ግን ባለሥልጣናቱ ገባቸውና መጽሐፉ ታገደ። በደርግ ዘመን ደግሞ በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት “ኦሮማይ”ን አወጣ። የቀይ ኮከብ ዘመቻን በአሥመራ የሚተርከው ይህ ልቦለድ የዘመኑን ከፍተኛ ሹማምንት በሌላ ስም አቅርቧቸዋል፤ አንባቢ ግን በአነጋገራቸውና በአመላቸው ለያቸው። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ። በማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ የነበረው ደራሲ ከሥራው ተባረረ፤ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም።

እነዚህን ከሆሊውዶቹ ጎን ስናስቀምጣቸው ልዩነቱ ይወጣል። ሁለቱም ወገን ሳንሱር ነበረበት፣ ሁለቱም በምልክት ተናገረ፣ ሁለቱም አዋቂ ታዳሚ ነበረው። ነገር ግን በአማርኛዎቹ ሥራዎች ምልክቱ የሚጠቁመው ወደ ላይ፣ ኃይል ወዳለው ነው። በሽፋን የሚናገረው ደካማው፣ በሽፋን የሚነገርበት ብርቱው ነው። ስለዚህም የሥርዓቱ ቁጣ በደራሲው ላይ አረፈ። በሆሊውዶቹ ምልክቱ የሚጠቁመው ወደ ታች ነው። በሽፋን የሚታየው ሰው ራሱ በከተማው ፖሊስ የሚታደን፣ ከሥራው የሚባረር፣ ማንነቱ ቢገለጥ ቤተሰቡ የሚክደው ሰው ነበረ። ዋጋውን የከፈለውም እሱ፣ በእስክሪኑ ላይ የተሳለው፣ ከእስክሪኑ ፊትም በጨለማ የተቀመጠው ነው።

የሆሊውድ ጸሐፊዎችና አዘጋጆች አልተጎዱም ማለቴ አይደለም። የ“ክሮስፋየር” አዘጋጅ ኤድዋርድ ዲሚትሪክና ፕሮዲዩሰሩ ኤድሪያን ስኮት ስለ ፖለቲካ አመለካከታቸው በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ለመመስከር እምቢ በማለታቸው ታስረዋል። የእነሱ መከራ ግን የመጣው ገጸ ባሕርይን ሸሽገው በማቅረባቸው አይደለም። በዓሉ ግርማ የጠፋው ባቀረባቸው ገጸ ባሕርያት ምክንያት እንደሆነ ሲታመን ኖሯል። አንደኛው ጥበብ ፈጣሪውን አስከፈለ፤ ሌላኛው ፍጡሩን።

በጨለማ የተቀመጠው ተመልካች

ብርቱ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። በ1941 በአንዲት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ብቻውን ሲኒማ ቤት የተቀመጠ፣ እሱን የሚመስል ሰው አለ ብሎ ለመናገር የማይደፍር ወጣት የካይሮን ሽቶ ሲረዳ ብቻውን እንዳልሆነ አወቀ፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ምልክቱን አስቀያሚ ነው ብሎ ማጣጣል የዚያን ወጣት መጽናኛ መንጠቅ ነው የሚል። ተቃውሞው እውነት አለው። የሩሶም መጽሐፍ፣ እሱን መሠረት አድርጎ በ1995 የተሠራው ዘጋቢ ፊልምም የሚመሰክሩት ይህንኑ ነው፤ ሰዎች ከጠላት እጅ የወጣውን ምስል ወስደው የራሳቸው አድርገውታል። ይህ የታዳሚ ጥበብ ነው፤ ሊከበርም ይገባዋል።

ነገር ግን የመጽናኛው ዋጋ ይመዘን። ያ ወጣት እንዳለ ባወቀበት ቅጽበት እንደሚመታም አወቀ። የአሜሪካው ሐያሲ ዲ. ኤ. ሚለር በ1990 ስለ “ሮፕ” በጻፈው ድርሳን ሌላ ጉዳት አመልክቷል። አንድ ነገር በፍንጭ ብቻ ሲነገር ሁልጊዜ ሊካድ ይችላል፤ ሁልጊዜ ሊካድ ስለሚችልም ጥርጣሬው የሚቆምበት ድንበር የለውም። ማንኛውም ወንድ፣ ማንኛውም አተያይ፣ ማንኛውም ጓደኝነት ይመረመራል። ፍንጭ ያስለመደው ተመልካች ወደ ሰፈሩ ተመልሶ ጎረቤቱን በዚያው ዓይን ያያል። ስም ተነፍጎ በምልክት ብቻ መታወቅ የተፈረደበት ሰው ራሱን ለመከላከል እንኳ አይችልም፤ ያልተባለ ነገር አይስተባበልምና።

የዚህን አነባበብ ጥልቀት ያሳየው ጄምስ ቦልድዊን ነው። በ1976 ባወጣው “ዘ ዴቭል ፋይንድስ ወርክ” የልጅነቱን ሲኒማ ቤቶች ያስታውሳል፤ ጥቁሮችና ነጮች ወንዶች አብረው የሚታዩባቸውን የሆሊውድ ፊልሞች ይመረምራል። ቦልድዊን ምልክት መፍታት ብቻ አልበቃውም። ፊልሙ በሁለት ሰዎች መካከል ያለውን መዋደድ ለምን እንደሚፈራ፣ ያ ፍርሃት ከዘር ጥላቻ ጋር እንዴት እንደሚተሳሰር ይጠይቃል። ኢትዮጵያዊው የሥነ ጽሑፍ ምሁር ዳግማዊ ውብሸትም በ2015 በታተመው “ዘ ካሌንደር ኦቭ ሎስ” በኤድስ መጀመሪያ ዓመታት አሜሪካ ውስጥ በይፋ ለማልቀስ የተከለከሉ ሰዎች ሐዘናቸውን በግጥምና በሥዕል እንዴት እንደገለጹ አጥንቷል። በዚያው መጽሐፍ ወላጆቻቸውን በኤድስ ያጡ ኢትዮጵያውያን ልጆች ለሞቱት ወላጆቻቸው የጻፏቸውን ደብዳቤዎችም ያነባል። ሁለቱን ሐዘን በአንድ መጽሐፍ ማሰባሰብ ድፍረትም እውቀትም ይጠይቃል። ሙሾ ባደገበት ባህል የተኮተኮተ ጆሮ ለሩቅ ሰው ሐዘን ሊከፈት እንደሚችል መጽሐፉ ያስረዳል። ሂስ ከዚህ በላይ የሚሻው ነገር የለም።

ሳንሱር ከሄደ በኋላ

በአሜሪካ ማኅተሙ ከቀረ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ሆኖም በ1989 በወጣው “ዘ ሊትል መርሜድ” የባሕር ጠንቋይዋ ኡርሱላ መልክ የተቀዳው የሴት ልብስ ለብሶ በመተወን ከታወቀው ከዲቫይን ነው። ክፉዋ የተሳለችው በዚያ መልክ ነው፤ የምትሸነፈውም እንደ ወትሮው ተወግታ ነው። ምልክቱን ከእንግዲህ የሚያስገድድ ቢሮ የለም፤ ልማዱ ግን ለልጆች ፊልም ደርሷል። በአዲስ ቅዳም፣ በእንጅባራና በዳንግላ ያለ ልጅ ይህን ፊልም በስልክ ወይም በቴሌቪዥን ሲያይ በ1934 በጥብቅ መፈጸም የጀመረ ፍርድ ወራሽ መሆኑን የሚነግረው የለም።

ለእኛም ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። በአገራችን የቅድመ ኅትመት ሳንሱር በ1985 ዓ.ም. በፕሬስ አዋጅ ቀርቷል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 ሳንሱርን ከልክሏል። የወንጀል ሕጉ ግን በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል፤ የአማርኛ ሂስም ርዕሱን ሲሸሽ ኖሯል። ይህ ሽሽት እስክሪኖቻችንን ከምልክቱ አላጸዳቸውም። አነጋገሩ የለሰለሰ፣ አረማመዱ የተሰበረ ወንድ በኮሜዲዎቻችን ሲገባ ሴታሴት ተብሎ ይሳቅበታል። የሚስቀው ተመልካችም ሆነ የሚያስቀው ተዋናይ ይህ ምስል ከየት እንደመጣ፣ ለምን እንደሚመታ አይጠይቅም። ያልተመረመረ ምልክት ይሠራል፤ ማን እንደሚጎዳበት ሳይታወቅ።

ስለዚህ ሽሽግ ገጸ ባሕርይ ለሚያነብ ሦስት መመዘኛ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ሽፋኑን የመረጠው ማን ነው? የቅኔ ተማሪ ሰሙን ራሱ ይመርጣል፤ ሐዲስ ዓለማየሁም የካሳን እብደት መርጠዋል። የዳንቨርስን ሽፋን ግን ቢሮ አለበሳት። ሁለተኛ፣ የተሸፈነው ሰው የራሱ ንግግር አለው ወይስ ሌሎች ብቻ ያዩታል? ሦስተኛ፣ ታሪኩ ሲያልቅ ዋጋውን የከፈለው ማን ነው? ጉዱ ካሳ ሁለተኛውን በክብር ያልፋል፤ “ኦሮማይ” በሦስተኛው ላይ የደራሲውን ሕይወት ያስቆጥራል። “ሬቤካ” በሦስቱም ይወድቃል፤ ታላቅ ፊልም መሆኑም ከውድቀቱ አያድነውም። አንድ ሥራ በውበቱ ሊደነቅና በፍርዱ ሊወገዝ ይችላል፤ ሂስ የተፈጠረው ሁለቱን በአንድ እጅ ለመያዝ ነው።

በአዲስ ቅዳም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ የምታስተምሩ፣ በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ የምታጠኑ ሁሉ፣ ልጆቻችን ሰምና ወርቅ መለየትን ከእናንተ ይማራሉ። ከዚህ ጋር አንድ ነገር ጨምሩላቸው። ወርቁን ያገኘ ተማሪ ሥራው አላለቀም፤ ወርቁ የተገኘው ከማን ላይ ተገፎ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። የሚያዩትን ፊልም ሁሉ በዚህ ጥያቄ ይመርምሩት፤ ሰው በማንነቱ ሲሳቅበትና ሲቃጠል አይተው ዝም ብለው እንዳያልፉ።